ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ መጠጥ ለማቆም የሚሰበሰቡ ሰዎች የት ላግኝ? (አበሻ የሌለበት ቢሆን ይሻለኛል)

ሌሊት_ነጂ · ማክሰኞ ሌሊት

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ ነው።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አሜሪካ ከመጣሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ። ጠጥቼ ነድቼ አላውቅም፣ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። ስራ ጨርሼ መኪናዬን ካቆምኩ በኋላ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ድሮ ሁለት ቢራ ነበር። አሁን ውስኪ ነው፣ በየቀኑ ነው፣ ልኩን ለመጻፍም አፈርኩ። ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል።

ባለፈው ሳምንት የ6 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት የሚፈረም ወረቀት አመጣችልኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩ፣ ፊርማዬ ግን ፊርማ አልሆን አለኝ። "አባዬ በረደህ?" አለችኝ። አዎ በረደኝ አልኳት። ሹራቤን አመጣችልኝ።

ለማቆም ሞክሬያለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ፍልሰታን 15ቱንም ቀን ያዝኩ። ጾሙ በተፈታ ማታ የ15ቱን ቀን በአንድ ሌሊት ጠጣሁት።

ኤኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ) የሚባል ስብሰባ እንዳለ ሰምቻለሁ። የት ነው ያለው? ዝም ብሎ ይገባል? ይከፈላል? ስም ይመዘገባል? የባለቤቴ ዘመዶች በሙሉ እዚሁ ናቸው፣ ቤተክርስቲያንም ሁሉ ሰው ይተዋወቃል። እንግሊዝኛዬ ለስራ ይበቃኛል፣ የሆዴን ለመናገር ግን አይበቃኝም። አማርኛ ያለበት ብፈልግ አበሻ ይኖራል። አበሻ የሌለበት ብፈልግ አማርኛ የለም። እዚህ ላይ ነው የቆምኩት።

ሰላም_ለሁሉ · ማክሰኞ ሌሊት

ወንድሜ እኔ መልሱን አላውቅም። ይሄ ጽሑፍ ወደ ታች ወርዶ እንዳይቀር ብዬ ነው የጻፍኩት። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ መልሱለት።

ነርሷ_ከቨርጂኒያ · ረቡዕ ጠዋት

ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሰራው። ስብሰባውን ሌሎች ይነግሩሃል። እኔ ግን ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል ስላልክ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲያደርግ ሰውነቱ ይናወጣል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ሰውን ጥሎ የሚያንፈራግጠው ዓይነት ካለ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው የሚመጣው። ከዚያ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል። ይሄኛው ሰው ይገድላል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ "ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ" ብለህ ብቻህን ክፍል ዘግተህ አትተኛ። መጀመሪያ ሐኪምህ ጋ ደውል። የምትጠጣውን ልክ እውነቱን ንገረው፣ አፍረህ ግማሹን አትቀንስ፤ መድኃኒቱ የሚመዘነው በምትናገረው ነው። ለጥቂት ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጡሃል። ከቃዠህ ወይም ከወደቅህ 911 ነው፣ ሌላ ማሰብ የለም።

ሐኪም ከሌለህ 1-800-662-4357 ደውል። የአሜሪካ መንግሥት ነጻ መስመር ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሰራል። ማን እንደሆንክ ሳይጠይቁ በአካባቢህ የሚያክም ቦታ ይነግሩሃል።

ያኔ በፍልሰታ ምንም አልሆንኩም ብለህ አትተማመን። ያኔ የምትጠጣው እንደ አሁኑ ነበር?

ሌሊት_ነጂ · ረቡዕ ከሰዓት

አልነበረም። የአሁኑ ሦስት እጥፍ ይሆናል። እህቴ አመሰግናለሁ፣ ይሄን የነገረኝ ሰው የለም። ብቻዬን ዘግቼ ልተኛ ነበር ሐሳቤ። ኢንሹራንስ አለኝ፣ ነገ እደውላለሁ።

ፖቶማክ_ዳር · ረቡዕ ማታ

ልጄ፣ እኔ 63 ዓመቴ ነው። ካቆምኩ 14 ዓመት አልፎኛል። ልጅቷ የነገረችህን አድርግ፣ ከዚያ የኔን አንብብ።

ክፍያ የለውም። ቅርጫት ይዞራል፣ አንድ ሁለት ዶላር የሚጥል ይጥላል፣ አዲስ ሰው አይጠበቅበትም። ስም አይመዘገብም። የመጠሪያ ስምህን ብቻ ነው የምትናገረው። አንዳንዱ በስብሰባው መጨረሻ ወረቀት ሲያስፈርም ታያለህ፤ ፍርድ ቤት የላከው ሰው ነው። አንተን ማንም ስላልላከህ አይመለከትህም። ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። አቁሞ መምጣት አልተባለም። መፈለግ ነው የተባለው።

አሁን የት እንደምታገኘው። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል አፕ አለ፣ ነጻ ነው። ምልክቱ ሰማያዊ ላይ ነጭ ወንበር ነው። ስትከፍተው በአቅራቢያህ ያሉትን በየሰዓቱ ይዘረዝርልሃል። በስልክ ሰው ማነጋገር ከፈለግህ በዲሲና በሜሪላንድ በኩል የዋሽንግተን አካባቢ ኢንተርግሩፕ የሚባል የኤኤ ቢሮ አለ። ቨርጂኒያ ያለ ሰው የሰሜን ቨርጂኒያውን ይፈልግ፣ ለብቻው ነው። ስልኩን የሚያነሳልህ ሰው ራሱ ጠጪ የነበረ ነው። ምንም ብትለው አይገርመውም።

ዝርዝሩ ላይ "ኦፕን" የሚል ካየህ ማንም ይገባል፣ ዘመድም ቢሆን። "ክሎዝድ" የሚለው መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። አንተ ወደ ሁለቱም መግባት ትችላለህ። "ቢጊነርስ" የሚል ካገኘህ ለአዲስ ሰው የተዘጋጀ ነው። "ስፒከር" የሚለውን ግን ልብ በል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የራሱን ታሪክ ይናገራል፣ የቀረነው እንሰማለን። እንግሊዝኛ ለሚያስጨንቀው ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም። ሌላው ጋ ተራው ቢደርስህ "ፓስ" ማለት ትችላለህ። ለምን የሚልህ የለም።

የኔን የመጀመሪያ ቀን ልንገርህ። የፈረንጅ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። ሕንጻውን በመኪና ሦስት ጊዜ ከዞርኩ በኋላ ነው የገባሁት። ታጣፊ ወንበሮች፣ የልጆች ሥዕል የተለጠፈበት ግድግዳ፣ ጥግ ላይ ትልቅ የቡና ማሞቂያ። አንድ ሽማግሌ ቡና ቀዳልኝ። ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ሞልቶ ሰጠኝ። በልቤ ምን ያለው ስስታም ነው አልኩ። ስቀበለው እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ምንም አልፈሰሰም። ለምን ግማሽ እንደቀዳ ያኔ ገባኝ። ከበሩ ስገባ እጄን አይቶ ነበር። ያ ሰው አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ዛሬ ቡና የምቀዳው እኔ ነኝ። አዲስ ሰው ሲመጣ ግማሽ ነው የምቀዳለት።

ስለ አበሻው ጉዳይ። 14 ዓመት ሙሉ አንድም አበሻ አላየሁም ብልህ ውሸት ይሆናል። ግን እዚያ የምታገኘው አበሻ አንተ የመጣህበትን ጉዳይ ይዞ ነው የመጣው። እሱም አንተን ሲያይ ይደነግጣል። እዚያ የተሰማ እዚያው ይቀራል፣ ደንቡ ይሄ ነው። እስካሁን በኔ ላይ አልተጣሰም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይሄ ስብሰባ የተጀመረው በ1935 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወር ሆኖታል። ለንግድ ሄዶ ነገሩ አልሳካ አለ። ከሆቴሉ አዳራሽ በአንዱ በኩል ቡና ቤቱ ይንጫጫል፣ በሌላው በኩል ስልክ አለ። ስልኩ አጠገብ የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ነበር። ከዝርዝሩ ላይ መደወል ጀመረ። የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ነበር የሚፈልገው። ጥሪው ከሰው ወደ ሰው አድርሶ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር አገናኘው። እሱም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር። ለ15 ደቂቃ ብሎ ቁጭ ያለው ሰው ሰዓታት ቆየ። አንተ አሁን የምታደርገው ያው ፍለጋ ነው። ቢል ዊልሰን በስልክ፣ አንተ እዚህ ገጽ ላይ።

ሌሊት_ነጂ · ረቡዕ ሌሊት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቡናው ያሉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አፑን ጭኜዋለሁ። ለማመን የሚከብድ ነው፣ በየቀኑ ሰው ከማወርድባቸው ሰፈሮች ብዙዎቹ ውስጥ አለ። በአጠገቡ ሳልፍ ነው የኖርኩት።

ዝም_ያለች · ሐሙስ

እኔም የመጀመሪያ ጽሑፌ ነው። ሴት ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው።

ወንድ ሲጠጣ "ጠጪ ነው" ይባላል። ለሴት የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ማንም ሳያየኝ ነበር የምጠጣው። ቮድካ በስፕራይት ጠርሙስ። የምንከባከባቸው አሮጊት ሲተኙ አንድ ጉንጭ፣ ሲነቁ ማስቲካ። አራት ዓመት። ሠርግ ላይ ውሃ ይዤ ነው የምታዩኝ። "እሷ እኮ አትቀምስም" እያሉ ያወድሱኝ ነበር። ያ ውዳሴ ከስድብ ይበልጥ ያመኝ ነበር።

በአካል መሄድ አልቻልኩም፣ በዙም ነው የጀመርኩት። የሴቶች ብቻ ስብሰባ አለ፣ ዝርዝሩ ላይ "ዊመን" የሚል ይኖራል። ካሜራዬን አጥፍቼ ሁለት ወር ሙሉ ማይክ ሳልከፍት ሰማሁ። አንድ ሰው እንኳን ለምን አትናገሪም አላለኝም።

ለሚጀምር ሰው አንድ ምክር አለኝ። ዙም ከመግባታችሁ በፊት ስማችሁን ቀይሩ። ስልካችሁ ሙሉ ስማችሁን ከነአባታችሁ አውጥቶ ይለጥፈዋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ስሜ ወጥቶ ደንግጬ ዘጋሁት፤ ለመመለስ 3 ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ፊደል ጻፉ፣ ይበቃል።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ የምናገረውን መጀመሪያ በአማርኛ ጽፌ ነበር የማዘጋጀው። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ሳመጣው ያጥራል። "ብቻዬን ነበርኩ። ፈራሁ። ዛሬ አልጠጣሁም።" ይሄን ለማለት ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። እንዲያውም በአማርኛ ቢሆን ኖሮ እየሸፋፈንኩ የምናገር ይመስለኛል።

ዛሬ 7 ወር ከ11 ቀን ነው።

የሰንበቴ_ልጅ · ሐሙስ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ደስ ያላለኝ ነገር አለ። የራሳችን አባቶች እያሉን፣ ጸበል እያለን፣ ለምን የፈረንጅ ምድር ቤት? እዚያ "ከእኔ በላይ የሆነ ኃይል" እያሉ ነው የሚጸልዩት ይባላል። ማን እንደሆነ እንኳ በስሙ አይጠሩትም። አጎቴ እንጦጦ ማርያም ተጠምቆ ነው የተወው። ወንድሜ፣ መጀመሪያ የንስሐ አባትህን አማክር።

ፖቶማክ_ዳር · ሐሙስ ማታ

ሐሳብህ ክፉ አይደለም። መልስ አለኝ።

ወደ ስብሰባው ሂድ ያሉኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። እሳቸው ጋ ሄጄ አልቅሼ፣ ንስሐ ገብቼ፣ በሳምንቱ ሰክሬ ተመልሻለሁ። ከአንድም ሁለት ሦስቴ። አንድ ቀን "ልጄ፣ እኔ ስለ ኃጢአትህ እጸልያለሁ፤ እግርህ ሲሰበር ግን ሐኪም ጋ እንደምትሄደው ለዚህም ሂድ" አሉኝ። ከእኔ በላይ የሆነ ኃይል ሲባል እኔ በልቤ ሥላሴን እጠራለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው አይሁዳዊ የራሱን ይጠራል። ምንም የማያምንም አለ፣ እሱ የስብሰባውን ሰዎች ነው የሚቆጥረው። ስምህን የሚነጥቅህ የለም።

ደግሞስ ማህበር አይደል? እኔ በወር በ12 የሚካኤልን ጽዋ እጠጣለሁ። ለኔ ጠላ አይቀዳም፣ ውሃ ይቀመጥልኛል፣ ሙሴያችን ያውቃል። ኤኤም ያው ማህበር ነው። ሙሴው በየጊዜው ይቀያየራል፣ ቤቱን በየተራ እናዘጋጃለን፣ የቀረውን ሰው ደውለን እንጠይቃለን። እኛ በተራ መሰብሰብን ከማንም በላይ እናውቅበታለን።

ሌላም ለሚፈራ ሰው ልናገር። ወይን ነው ብዬ ፈርቼ ሁለት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ርቄ ነበር። በኋላ ጠይቄ ነው የተረዳሁት። የኛ ከዘቢብ ነው፣ በውሃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ። የፈላ ወይን አይደለም። እንደኔ በባዶ አትራቁ።

ነርሷ_ከቨርጂኒያ · ሐሙስ ማታ

ጸበል የሚሄድ ይሂድ። እናቴም በጸበል ነው ያሳደገችኝ። የምለምነው የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት ብቻ ነው። ከባድ ጠጪ የነበረ ሰው እነዚያን ቀናት ሐኪም ሳያውቅ ተራራ ላይ አያሳልፋቸው። የታዘዘ መድኃኒት ካለም አይቋረጥ።

ስብሰባው ይሰራል ወይ ለሚል ሰው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት 27 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። ሙሉ በሙሉ አቁሞ በመቆየት በኩል ኤኤና ወደ ኤኤ የሚመራው ሕክምና ከሌሎቹ የምክር ሕክምናዎች በልጦ ነው የተገኘው። ከሐኪም መድኃኒት ጋር አብሮ መሄድ ይችላል። የመጠጥ አምሮቱን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፣ ጠይቁ።

ሰከን_በል · ሐሙስ ሌሊት

ጸሎት ያለበት ነገር ለማይመቸው ሰው ደግሞ ስማርት ሪከቨሪ አለ። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ሃይማኖት የለበትም። አምሮት ሲመጣ ምን ታደርጋለህ፣ ሐሳብህን እንዴት ትይዛለህ የሚለው ላይ ነው የሚሰራው። በኢንተርኔትም ይሰበሰባሉ። እኔ ሁለቱንም እሄዳለሁ። ማክሰኞ እዚህ፣ ቅዳሜ እዚያ።

ካዛንቺስ_ልጅ · ዓርብ

አዲስ አበባ ላለነውስ? እዚህ "መጠጥ አስቸግሮኛል" ስትል "ቀነስ አድርገው" ነው መልሱ። ቀነስ ማድረግ ባውቅበት መች እጠይቅ ነበር። የቴሌቪዥን ማስታወቂያው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1112 መከልከሉ ለኔ ትልቅ እረፍት ነበር። ጠርሙሱ ሲከፈት ያለው ድምፅ ብቻ ከቤት ያስወጣኝ ነበር። መንገድ ላይ ግን በየአስር እርምጃው ድራፍት ቤት ነው።

የዙሙን ስብሰባ ልግባ ብዬ ነበር። ዝርዝሩ ላይ በፈረንጅ 7 ሰዓት ማታ የሚለው ለኛ ስንት ሰዓት ነው?

ነርሷ_ከቨርጂኒያ · ዓርብ

የዲሲ ምሽት 7 ሰዓት ለእናንተ በበጋችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በክረምታችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አይሆንህም። የለንደኖቹን ፈልግ። የለንደን ምሽት 7 ሰዓት ለናንተ በነሱ በጋ ማታ 3 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት ማታ 4 ሰዓት ይሆናል። ቀንና ሌሊት የማይዘጉ የዙም ስብሰባዎችም አሉ።

ለሕክምናው አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ጳውሎስም የሱስ ሕክምና ይሰጣል። "አማኑኤል ገባ" ይሉኛል ብለህ እንደምትፈራ አውቃለሁ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፣ ስሙን ስንሰማ ምን እንደምንል አውቃለሁ። ግን እዚያ ያሉት ባለሙያዎች የመጠጥን ነገር በየቀኑ ነው የሚያዩት። ካርድ አውጥተህ በተመላላሽ መጀመር ትችላለህ። ፈርተህ ብቻህን ከምትወድቅ ያ ይሻላል።

ካዛንቺስ_ልጅ · ዓርብ

እሺ እህቴ። የለንደኑን ዛሬ ማታ እሞክራለሁ። ስሜንም እቀይራለሁ።

የሦስት_ልጆች_እናት · ቅዳሜ

እኔ አልጠጣም። ባለቤቴ ነው። ለሌሊት_ነጂ አንድ ነገር ማለት ፈልጌ ነው።

ባለቤትህ አታውቅም ብለህ ታስብ ይሆናል። ታውቃለች። እኔ ጠርሙሱን ከሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ አውጥቼ ደረጃውን በጥፍሬ ምልክት አድርጌ እመልሰው ነበር። ጠዋት ሄጄ አያለሁ። ስንት እንደጎደለ እያወቅኩ ቁርስ አቀርባለሁ። ልጆቹም ያውቃሉ። ሹራቡን ያመጣችልህ ልጅህ፣ ብርድ እንዳልሆነ የምታውቅበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ይሄን ያልኩት ላሳዝንህ አይደለም። ለእሷም ቦታ እንዳለ ንገራት። አል-አኖን ይባላል፣ ለጠጪ ቤተሰብ ነው። የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ ናት ከጓደኛዋ ጋር ሆና በ1951 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው። እኔ ለሱ መፍትሔ ፍለጋ ሄጄ ለራሴ ነው ያገኘሁት። ጠርሙስ መለካት ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። እሱ እስካሁን አላቆመም። እኔ ግን ሌሊት እተኛለሁ።

ዝም_ያለች · ቅዳሜ

እህቴ፣ ደረጃውን በጥፍርሽ ያልሽው... እናቴም እንዲህ ታደርግ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። አመሰግናለሁ።

ሌሊት_ነጂ · ከ15 ቀን በኋላ፣ እሁድ

ተመልሻለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ።

ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ልኩን እውነቱን ነገርኩት። ደም ግፊቴን ለካና ብቻህን ማቆም የለብህም አለኝ። ማን ቤት እንዳለ ጠየቀኝ። ያን ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። እንዳላችሁት ታውቃለች። "እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነው" አለች፣ ከዚያ ብዙ አለቀሰች። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየቆጠረች የምትሰጠኝ እሷ ነበረች፣ አምስት ቀን። በሁለተኛው ሌሊት አንሶላው በላብ ራሰ። ሦስተኛው ይሻል ነበር።

ስብሰባው ጋ ሁለት ጊዜ ሄጄ ፓርኪንጉ ላይ ተቀምጬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ከመኪና ስወርድ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ወንበር እያወረደች ነበር። "ያዝልኝ" አለችኝ። ሁለት ወንበር ይዤ ገባሁ፣ ከዚያ መውጣት አልቻልኩም፣ ሌሎቹን ደግሞ መደርደር ነበረብኝ። ስፒከር ነበር። የሚናገረው ሰው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ግማሹ ቃል አመለጠኝ፣ የገባኝ ግማሽ ግን የኔ ታሪክ ነበር።

ከኋላ አንድ የኛ ሰው ነበር። አይቶኛል፣ አይቼዋለሁ። ልቤ ቆመ። አንገቴን ደፍቼ ነው የጨረስኩት። ሲያልቅ በር ላይ ጠበቀኝ። "ደህና እደር ወንድሜ" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን አጠገቡ ነው የተቀመጥኩት።

እስካሁን 4 ጊዜ ሄጃለሁ። መጠጥ ካየሁ 13 ቀን ሆነኝ። ሌሊት ስራ ጨርሼ መኪናውን ሳቆም ያለው ሰዓት አሁንም ከባድ ነው። ያኔ ወንበር ላወረደችው ሴትዮ ቴክስት አደርጋለሁ። ትመልሳለች፣ የትኛውም ሰዓት ቢሆን።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሁልጊዜ ባዶ እጄን እየሄድኩ ቡናቸውን እጠጣለሁ። ከበደኝ። ባለቤቴ ቆሎ ልቁላልህ አለች። እዚያ ቆሎ ይዞ መሄድ ያስነውራል?

ፖቶማክ_ዳር · እሁድ ማታ

ምን ያስነውራል! ይዘህ ሂድ። ኦቾሎኒ ያለበትን ግን ተወው፣ ለፈረንጆቹ አለርጂ ሊሆንባቸው ይችላል። ገብስና ሱፍ ብቻ ይሁን። ጨው ቀነስ ታድርገው በላት። ሰፋ ባለ ሳህን አድርገህ ቡናው አጠገብ አስቀምጠው፣ ከጎኑ ትንሽ ማንኪያ። እፍኝ እፍኝ እንደሚበላ እስክታሳያቸው አያውቁበትም።